ስምህን ብቻ አውሰን

ካይታቱሩት፣ የካቲት 28

ለእህቴ ለቪላሲኒ፣

የጥርሱን ነገር ሳልነግርሽ ሰላምታ ብጀምር ደብዳቤውን ዘልለሽ ጥርስ ፍለጋ እንደምትሄጂ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አስቀድሜ ልመልስልሽ። አዎ፣ ወልቋል። የላይኛው፣ የፊቱ። ማሉ ጥርሷን በክር አስራ ከመዝጊያው ጋር ልታስጎትተው ስትሰናዳ እማዬ ደርሳ ከለከለቻት። በማግስቱ ካሳቫ በዓሣ ስትበላ በገዛ ፈቃዱ ወጣ። ልጅሽ «ለእናቴ ላኩላት» ብላ ስታለቅስ ዋለች። ፖስታ ቤቱን ያን ያህል አላምነውምና በጨርቅ ቋጥሬ ጣራው ሥር ሰክቼልሻለሁ፤ ስትመጪ ታይዋለሽ።

አሁን እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሦስታችንም አለን። የእማዬ ዓይን እንደተውሽው ነው፤ ሰው መምጣቱን ታያለች፣ ማን መሆኑን በድምፁ ታውቃለች። እኔም ጀልባዬም እንዳለን አለን፤ ሁለታችንም ትንሽ እናፈሳለን።

«ደብዳቤህ ለምን አጠረ፣ ምን ደብቀኸኛል?» ላልሽው፣ የደበቅሁት የለም። የምርጫ ሰሞን ስለሆነ ሰው ሁሉ መሻገር አማረው፤ ቀኑን ሙሉ ስቀዝፍ ውዬ ማታ እጄ እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ፣ ሌላ አይደለም። የጃንጥላው ፓርቲ ሰዎች ግድግዳውን ሁሉ ምልክታቸውን ጃንጥላ ሥለውበታል፤ ፋኖሶቹ ደግሞ ግድግዳ ቢያጡ የካማላክሺን በረት ፋኖስ አደረጉት። አምስት ዓመት ጃንጥላ፣ አምስት ዓመት ፋኖስ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? ያልተሠራው ድልድያችን ግን ሁለት የመሠረት ድንጋይ አለው፤ አንዱ የጃንጥላ፣ አንዱ የፋኖስ። ካማላክሺ ልብስ የምታጥበው በጃንጥላው ላይ ነው። የፋኖሱ ሻካራ ነው፣ ልብስ ይጨርሳል አለችኝ። እስካሁን በሁለቱ መሃል ልዩነት ያገኘ ሰው እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

ሻይ ቤት ባርጋቫንን «ዘንድሮ ለማን ትሰጣለህ?» ቢሉት «ለማንም ብሰጥ የምሻገረው በሱጋታን ጀልባ ነው» ብሎ አሳቃቸው። የሳቀ ሁሉ አልመርጥም ባይ ነው። እኔም ሳቅሁ። ድልድዩ ቢሠራ ምን ልበላ ነው?

ማሉን ትምህርት ቤት ሳደርሳት በጤና ጣቢያው በር ነው የምናልፈው። ነጭ ሳሪ የለበሰች ነርስ ባየች ቁጥር ቆም ትላለች፤ እጇን ካልጎተትኳት አትሄድም። አንቺም ከዚያ ተራራ ወደዚህ ጤና ጣቢያ ብትዛወሪ ጠዋት ሁለታችሁንም አሻግሬ፣ ማታ ሁለታችሁንም እመልሳችሁ ነበር። እያልኩ አስባለሁ።

ወንድምሽ ሱጋታን

ደግሞ ልረሳው ነበር፤ የፋኖሶቹ ዳሳፓን ለአንዲት ትንሽ ጉዳይ ብሎ ፈልጎኝ መጥቶ ነበር። ምንም አይደለም።


ፑሊያራ፣ መጋቢት 14

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ። እውነቴን ነው፣ እበላለሁ፤ እማዬ በሕልሟ ከስቼ ስላየችኝ ብቻ ሌላ ሩዝ እንዳትልኩ። ስልኩ ያልተነሣው ዝሆን እንጨቱን ጥሎት ነው። ባለፈው ዓመትም ይኸው እንጨት ነበር። የስልክ ሠራተኞቹ ከምርጫው በኋላ እንጠግናለን ብለዋል፤ ዝሆኖቹ እንኳ የምርጫ ሰሞን ሥራ እንደሌለ ያወቁ ይመስለኛል። እስከዚያ የፖስታው ጂፕ አለልን።

የማሉ ሥዕል ደረሰኝ። ጀልባው አንተን ይመስላል። እማዬም ደህና ናት። እኔን ግን ነጭ ሳሪ አልብሳኝ ፊቴን ባዶ ትታዋለች። ዓይን የለኝ፣ አፍ የለኝ። ቀለም አልቆባት ነው ብዬ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ፤ ግን ለጀልባው ዓሣዎች ሁሉ ዓይን ሠርታላቸዋለች። አራት ዓመቷ ነበር ጥያት ስመጣ፤ አሁን ስድስት ሆናት። በዓመት አንድ ሳምንት የሚመጣ ሰው ፊት ምኑ ይያዛል? አባቷንስ በፎቶ ነው የምታውቀው፣ እሱ ሞቶ ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ በፎቶ መታወቅ አልፈልግም።

ስለ ዝውውሩ ላነሣኸው፣ ዘንድሮ ተስፋ አለ። ከማን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ካወራሁት የሚጠፋ ይመስለኛል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ስለ እኔ ብለህ ማንም ዘንድ አትሂድ። ለማንም አንዳች ቃል አትግባ። አንተ የዋህ ነህ፤ ሻይ ከጋበዘህ ሰው ጋር ዘመድ ነኝ ትላለህ።

ዳሳፓን የመጣበት ትንሽ ጉዳይ ምንድን ነው? እሱ ሰውዬ ትንሽ ጉዳይ ኖሮት አያውቅም።

እህትህ ቪላሲኒ


ካይታቱሩት፣ መጋቢት 27

እህት ዓለም፣

ይህቺን የምጽፍልሽ ማሉ አጠገቤ ተቀምጣ ነው፤ መጀመሪያ የእሷን እንዳለችው ልጻፈው። «እማ፣ ለአዲስ ዓመት፣ ለቪሹ በዓል ትመጫለሽ ወይ? ካልመጣሽ አያቴ ዓይኔን ሸፍና ወደ መስተዋቱ ስትወስደኝ ከአበባውና ከዱባው ጋር የአንቺን ፎቶ እናስቀምጣለን። አጎቴ ፈቅዷል። ጥርሴ እየበቀለ ነው።» ይኸው ነው። ፎቶ ይቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዓመቱን የምትጀምረው አንቺን አይታ ይሁን ብዬ ነው። ካጠፋሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዳሳፓንን ጠየቅሽኝ። የጀልባ ጉዳይ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ልፈርም ከተማ ወስዶኝ ነበር። የሚያሳስብ ነገር የለውም፤ እኔ ምንም የማደርገው እንደሌለ እሱም ነግሮኛል። አንድ ቀን ስትሰሚው ትስቂያለሽ።

በርቺ። ዘንድሮ ተስፋ አለ እንዳልሽው፣ እኔም ዘንድ ተስፋ አለ። እኔም ከማን እንደሆነ አልነግርሽም። እንግዲህ እኩል ሆንን።

ሱጋታን


ፑሊያራ፣ ሚያዝያ 11

ሱጋታን፣

በምርጫው ቀን እዚህ ተራራ ላይ ምርጫ ጣቢያ እንድሠራ ስለመደቡኝ የራሴን ድምፅ መስጫ በፖስታ ላኩልኝ። የአገሬ፣ የእናንተው ወረዳ። ትናንት ከታማሚዎቼ መሃል ቆሜ ከፈትኩት። ሦስት ስም አለ። ኩሩቪላ፣ ፋኖስ። ኬ. ሱጋታን፣ ጃንጥላ። ኬ. ሱጋታን፣ የኮኮናት ዛፍ።

ተሳስተው የጻፉት መስሎኝ ወረቀቱን ገለበጥኩት። የኮኮናቱ ዛፍ ከጃንጥላው አይለይም፤ ራቅ አድርገው ቢያዩት ሁለቱም አንድ ዘንግ ላይ የተዘረጋ ነገር ናቸው። ከዚያ ሥር የተጻፈውን አድራሻ አነበብኩ። ኪዛኬቲል ቤት፣ ካይታቱሩት። የተወለድኩበትን ቤት የምርጫ ወረቀት ላይ አነበብኩት፣ ወንድሜ።

ኮኮናቱ አንተ ነህ? የጀልባ ጉዳይ ያልከኝ ይኸ ነው?

እንግዲህ የደበቅሁህን ልንገርህ፣ አሁን ቢረፍድም። ተስፋ አለኝ ያልኩህ ከጃንጥላው ሱጋታን ነው። በጥር እዚህ ጎብኝቶ ሄዶ ነበር። ፊቱ ቆሜ ልጅ አለኝ አልኩት። ለዝውውሬ ደብዳቤ ጻፈልኝ፣ በገዛ እጁ ፈረመልኝ፤ ካሸነፍኩ በዝናቡ ወራት እዚያው በራችሁ ላይ ትሠሪያለሽ አለኝ። ጥሩ ሰው ይሁን መጥፎ አላውቅም። ድልድዩን እንዳልሠራው አውቃለሁ። ግን ደብዳቤዬን ፈርሟል።

አንተ ደግሞ እሱን ልታስጥል ስምህን ሰጠህ። ማን ምን ቢሰጥህ ነው? ቶሎ ጻፍልኝ፤ ይህንን በጂፑ ሾፌር እጅ ነው የላክሁት።

ቪላሲኒ


ካይታቱሩት፣ ሚያዝያ 16

ቪላሲኒ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ሰላምታውን ዝለይው።

ማን ምን ሰጠህ ላልሽው፣ አንቺን ነው የሚሰጠኝ የነበረው። ዳሳፓን መጥቶ ጀልባዬ ውስጥ ተቀመጠና «ሱጋታን፣ ስምህን ብቻ አውሰን» አለኝ። «ምን ልታደርጉበት?» አልኩት። «ምንም። አንተም ምንም አታደርግም። ንግግር የለ፣ ሰልፍ የለ። የግል ዕጩ ነህ ትባላለህ፣ ወረቀቱ ላይ ትቀመጣለህ፣ በቃ።» «ሰው እኔን እሱ እየመሰለው ይመርጠኛላ?» አልኩ። «ሰው እሱንስ አውቆት ነው የሚመርጠው?» አለኝ። ከዚያ «እህትህ ነርሷ እዚያ ተራራ ላይ ነች አይደል? ኩሩቪላ ካሸነፈ በወሩ እናወርዳታለን» አለኝ። እንግዲህ አንቺ ማንም ዘንድ አትሂድ ብለሽኛል። እኔ አልሄድኩም፣ እሱ ነው የመጣው፤ ይህን እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ቀዘፋውን ትቼ ከተማ ሄድኩ። ስሜን መልሱልኝ አልኳቸው። የመውጫው ቀን አልፏል፣ ማሽኑ ላይ ገብቷል አሉኝ። ዳሳፓንን ብፈልገው የለም። ዝውውርሽ በሁለት በኩል መያዙን ሳላውቅ አንዱን እጄን በሌላው ቆረጥኩት።

እናም ሌላ ባጣ በራሴ ላይ ቅስቀሳ ጀመርኩ። ያሻገርኩትን ሁሉ «እኔን እንዳትመርጡ» እላለሁ። «ማንን እንምረጥ?» ይሉኛል። «ሱጋታንን።» «አንተ ሱጋታን አይደለህ?» «እኔን አይደለም፣ ሱጋታንን ነው።» ጀልባው በሳቅ ሊገለበጥ ይደርሳል። ካማላክሺ ምን አለች መሰለሽ? «ሃምሳ ዓመት ስኖር አትምረጡኝ ያለ ዕጩ ገና ማየቴ ነው፤ ይኸ ሰው የሚታመን ነው።» ወሬው ውኃውን ተሻግሮ ሄደ፤ አሁን ከማላውቀው መንደር ሰው ሊያየኝ ይመጣል። ዝም ብል ኖሮ ይሻል ነበር መሰለኝ። ዝም ማለትም ደግሞ ይኸው ያመጣውን አመጣ። እኔ እንጃ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ያወጣው መልአክ ምነው አንድ ፊደል ቢጨምርበት ኖሮ።

አንቺ ወረቀቱን ምን አደረግሽው? ማንን መረጥሽ?

ሱጋታን


ፑሊያራ፣ ሚያዝያ 26

ወንድም ጋሼ፣

ተቆጥቼ ጽፌ ቀደድኩት፣ ሌላ ጽፌ ያንንም ቀደድኩት። ይህን ሦስተኛውን በርዶልኝ ነው የምጽፈው። ጤና እንደምን ነው? ራስህን ጎድተህ እንዳትታመምብኝ። እንቅልፍ አጣ ብላ እማዬ በጎረቤት አጽፋ ልካልኛለች።

እዚህ ምርጫው ተደረገ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ የመራጭ ጣት ቀለም ስቀባ ዋልኩ። ከምንጠብቀው ግማሹም አልመጣ። ከመጡት አንዲት አሮጊት ማሽኑ ፊት ቆመው ቆመው ወጡና «ልጄ፣ ከነዚህ ውጪ ሌላ የለም?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዳገት ያስወጣችሁኝ አንዱን እንድመርጥ ነው ወይስ እንደሌለ እንዳይ?» አሉኝ። ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም እያዩ ወረዱ።

ማንን መረጥሽ ላልከኝ፣ ወረቀቱን ልኬዋለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ቪላሲኒ


ካይታቱሩት፣ ግንቦት 8

እህቴ ሆይ፣

ሬዲዮውን ሰምተሽ እንደሆነ አላውቅም። ኩሩቪላ አሸነፈ። ትልቁ ሱጋታን ተሸነፈ። የተሸነፈበት የድምፅ ልዩነት እኔ ካገኘሁት ግማሽ አይሞላም። ይህን ዜና ማን ይንገራት ብዬ ብዙ አሰብኩ፣ ከእኔ ሌላ ሰው አጣሁ።

የመረጠኝን ሰው ሁሉ እየጠየቅሁ ነው። ባርጋቫን «ተሳስቼ ነው፣ ጃንጥላው መስሎኝ ነው» አለኝ። የዓሣ ነጋዴው «አውቄ ነው፤ ሁለቱንም አልፈልግም፣ አንተን ቢያንስ በየቀኑ አይሃለሁ» አለኝ። የካማላክሺ ባል ደግሞ መጀመሪያ ተሳስቼ ነው አለና ትንሽ አስቦ «ቆይ፣ ቢሆንም ጥሩ ነው» አለ። እንግዲህ ስንቱ በስህተት ስንቱ በፈቃዱ እንደሆነ እኔ ባለቤቱ አላውቅም፤ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም። እማዬማ ዓይኗ አያይምና የልጄን ስም አንብቡልኝ አለች። ሁለት ጊዜ አነበቡላት። «እኔ ሁለት ሱጋታን አልወለድኩም፣ አጣሩ» ብላ ሳትመርጥ ወጣች። ከቤታችን ያልተሳሳተች እሷ ናት።

ሌላ የምነግርሽ አለ። አንድ ጠዋት ትልቁ ሱጋታን ብቻውን መሻገሪያው ላይ ቆሞ አገኘሁት። መኪና የለ፣ አጃቢ የለ። ገብቶ ተቀመጠ። ውኃው መሃል ስንደርስ «ስምህ ማን ነው?» አለኝ።

«ሱጋታን፣ ጌታዬ።»

«ኬው የምንድን ነው?»

«የቤታችን። ኪዛኬቲል።»

«የእኔ የአባቴ ነው፣ ኩማራን» አለ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «እህትህ ነርሷ ወረደች?» አለኝ። አልወረደችም አልኩት። «የሱጋታን እህት ናት ሲሉኝ ስሜ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር የፈረምኩላት» አለኝ። ወዲያኛው ዳር ደርሶ ወረደና ሄደ። የት ሊሄድ እንደተሻገረ አላውቅም፤ መልሶም አልመጣም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳሳፓን ጣፋጭ ይዞ መጥቷል። «በወሩ ብያለሁ፣ በወሩ ነው» ብሎ ማለልኝ። ይሆን ይሆናል። ሌላ ምን ተስፋ አለን?

ሱጋታን


ፑሊያራ፣ ሰኔ 9

ወንድም ጋሼ፣ እማዬ፣ ማሉዬ፣

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው፤ መቀመጫዬን ለተተኪዋ አጥቤዋለሁ። ወጥቷል። የዝውውሩ ስም ዝርዝር ወጥቷል። ዛሬ የፖስታው ጂፕ ጋዜጣ ይዞ መጣ፣ ዶክተሩ ለሁሉም ፊት ጮክ ብሎ አነበበው፦ ኬ. ቪላሲኒ፣ ነርስ፣ ወደ መሻገሪያው ጤና ጣቢያ። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። እዚህ ያሉት ሴቶች ዘፈኑልኝ፣ ማር ሰጡኝ፤ ማሩን ለማሉ ይዤላት እመጣለሁ።

ሱጋታን፣ ያልኩህን ሁሉ እርሳው። ዳሳፓንንም ይቅር ብዬዋለሁ። በየትኛው በር እንደገባ አልጠይቅም፣ ገብቷል። የጽሑፍ ትዕዛዙ ከአውራጃው እስኪደርሰኝ ነው የምጠብቀው፤ ዝናቡ መንገዱን ካልቆረጠው በሳምንቱ ውስጥ እመጣለሁ። ለማሉ ንገራት። እናትሽ ከአውቶቡሱ ስትወርድ በመሻገሪያው ጠብቂያት በላት።

የጠየቅኸኝን ሁሉ በአፌ እነግርሃለሁ። ማንን እንደመረጥኩም ጭምር።

ቪላሲኒ


ካይታቱሩት፣ ሰኔ 21

ለእህቴ ለኪዛኬቲል ቪላሲኒ፣

ስምሽን ከነቤቱ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአውራጃው ያልደረሰሽ ትዕዛዝ ለምን እንዳልደረሰሽ እነግርሻለሁ። ተቀመጪና አንብቢው።

ደብዳቤሽ ከደረሰ ጀምሮ ማሉ ከጀልባዬ አልወርድ አለች። ዝናብ ሲመታት ዋለ፤ ባባብላትም ብቆጣትም እምቢ አለች። እናቴ እኔን ስታጣ ትመለሳለች አለችኝ። ሐሙስ ዕለት በወዲያኛው ዳር ጀልባውን አስሬ ተቀምጠን ሳለ አውቶቡሱ መጣ። ነጭ ሳሪ የለበሰች ሴት የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ ወረደች። ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ፊቷ አይታይም። ባርጋቫን ከሻይ ቤቱ ማንነቷን ጠይቋት ኖሮ ወደ እኛ ዞሮ «ነርስ ቪላሲኒ መጣች» ብሎ ተጣራ። የምሥራች መንገሩ ነበር፣ አትቀየሚው።

እኔ ከጀልባው እስክወርድ ማሉ ሮጣ ጃንጥላው ሥር ገባች። ሴትዮዋን ጉልበቷ ላይ አቀፈቻት። ሴትዮዋ ሳጥኗን አስቀምጣ ጎንበስ አለችና «የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት።

«ያንቺ» አለች ማሉ።

ደርሼ ሳያት አንቺ አይደለሽም። በዕድሜ ትበልጥሻለች፣ ደግ ፊት አላት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ማሉም ቀና ብላ ፊቷን አየችው፣ ደግማ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አጎቴ፣ ይቺ ናት አይደል?» አለችኝ።

ማወቅ አልቻለችም፣ ቪላሲኒ። እኔን ነው የጠየቀችኝ።

«አይደለችም» አልኳት። ሴትዮዋን አልለቀቀቻትም። ሴትዮዋም እጇን አላስለቀቀቻትም፤ ዝናቡ እስኪያባራ እንደዚያው ቆምን። ስሟን ጠየቅኋት። ቪላሲኒ ነኝ አለችኝ። ኬ. ቪላሲኒ። ኬዋ የባሏ ቤት ነው፣ ኮታፓራምቢል። እሷም ከሌላ ተራራ ናት የመጣችው። ባሏ አልጋ ላይ ነው። ማንንም ሳልለምን ስሜ እንዴት እንደወጣ ግራ ገብቶኛል አለችኝ። እኔ ነኝ ያስወጣሁልሽ ልላት ነበር፤ ተውኩት።

ዳሳፓን ዘንድ ሄድኩ። አልተደበቀም። «ኬ. ቪላሲኒ፣ ነርስ ብዬ አስገባሁ፤ ኬ. ቪላሲኒ፣ ነርስ ተዛወረች። ወረቀት የሚያውቀው ስም ነው፣ ሱጋታን፤ ይህን ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?» አለኝ። ትዕዛዙ ይሰረዝ ብል ያቺ ሴት ከታመመ ባሏ ተነጥላ ትመለስ ማለት ነው። አንቺን በሌላ ቦታ እናስገባ ብል ቦታ የለም። በሚቀጥለው ምርጫ አለኝ። በሚቀጥለው ምርጫ ማሉ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

ማሉ ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ነርስ ስታይ ግን አትቆምም።

ምን ላድርግ? ንገሪኝና ላድርገው።

ሱጋታን


ፑሊያራ፣ ሐምሌ 4

ወንድሜ ሱጋታን፣

ደብዳቤህ ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀድሞ ከአውራጃው መልስ መጥቶልኝ ነበር። ሌላ ቪላሲኒ መሆኗን ነግረውኝ ሳጥኔን ፈትቻለሁ። የማሉን ግን ከአንተ ነው የሰማሁት። ስላልደበቅኸኝ እግዜር ይስጥህ። ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ሳትሸፋፍን የጻፍክልኝ ያንን ነው።

ምን ላድርግ ላልከኝ፣ የምታደርገው የለም። ከእንግዲህ ማንም ስለ እኔ ምንም እንዲያደርግ አልጠብቅም፤ ጃንጥላም፣ ፋኖስም፣ አንተም። ልወስዳት እመጣለሁ። እዚህ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ዝሆን አለ፣ ዝናቡ ሳምባ ይበላል፤ ልጅ ወደዚህ የሚያመጣ ሰው እብድ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁንም እብደት ይመስለኛል። ልክ ይሁን ስህተት አላውቅም። ግን ፊቴን ከሰው ጠይቃ እንድታውቅ አልፈልግም።

እማዬ ታዝናለች። አንተ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጀልባው ባዶ ይሆንብሃል። አውቃለሁ፣ ሱጋታን። አንተ አሳድገሃታል፤ የወለቀውን ጥርሷን ጣራ ሥር ያኖርክላት አንተ ነህ። ከአንተ መንጠቄ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ማንን መረጥሽ ብለህ ደጋግመህ ጠይቀኸኛል፣ በአፌ እነግርሃለሁ ብዬም ነበር። በአፌ የምችለው ስላልመሰለኝ እዚሁ ልጻፈው። አንተን ነው። ጃንጥላው እንዲያሸንፍ እየጸለይኩ፣ ዝውውሬ በእሱ እጅ መሆኑን እያወቅሁ፣ በአንተ ተናድጄ እያለሁ፣ ምልክቱን ኮኮናቱ ላይ አደረግሁት። ከሦስቱ ስሞች ማሉን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አንዱ ብቻ ነበር። እጄ ወደሌላው አልሄድ አለኝ። የእኔ ድምፅ በስህተት ይቆጠር በፈቃድ እንጃ፤ አንተ ከምትጠይቃቸው ሰዎች ጋር እኔንም ጨምረኝ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ለማሉ እንዳትነግራት። ባርጋቫንንም ስሜን እንዳይጣራ አስጠንቅቀው። ጃንጥላ አልይዝም፣ ነጭም አልለብስም። ጀልባው ውስጥ አስቀምጣትና አንተ ወደ ውኃው ዞር በል፤ ብትጠይቅህ እንኳ ናትም አይደለችምም አትበላት። እስክታውቀኝ ድረስ ዳር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ።

እህትህ